የዋሊያስ ባንድ «ቼ በለው» ዳግም በሸክላ

የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያና ዋሊያስ ባንድ የተጫወቱት «ቼ በለው» የተሰኘ አልበም በ1977 አዲስ አበባ ላይ በካይፋ ሪከርድስ አሳታሚነት በሸክላ ወጣ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ይኸው አልበም በ2014 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለ የአሜሪካ አሳታሚ፣ ከኃይሉ ጋር በተደረገ ስምምነት ዳግም በሸክላ ታትሞ ለገበያ ቀርቧል። እዚህ የምገመግመው ይህን ዳግም ኅትመት ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሸክላ መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሊገዛው የሚገባው ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የሙዚቃው ጥራት ለዚህ ምክንያት ሊሆን ይበቃል፤ ሆኖም ሸክላ ለሙዚቃችን የዋለለትን ውለታና ዛሬም ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ለምን እንደሆነ ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ የሚያስረዳው ይኸው አልበም ስለሆነ፣ ግምገማዬ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ይሄዳል።

«ቼ በለው» በመሠረቱ የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም ነው። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፣ መላከ ገብሬ ቤዝ ጊታር፣ ማሕሙድ አማን ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ ድራም፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን ይጫወታሉ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በእንግድነት በቫይብራፎን (በተደረደሩ የብረት ዘንጎች ላይ በመምቻ በሚጫወቱት መሣሪያ) ተሳትፏል። በአገራችን የመሣሪያ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ ለሬዲዮ ፕሮግራም መክፈቻና መሸጋገሪያ፣ ወይም በግብዣ ላይ እንግዳው ተሟልቶ እስኪገባ ድረስ ለማድመቂያ ብቻ የሚያገለግል ሆኖ ስለሚቆጠር፣ አድማጭ ቁጭ ብሎ ከዳር እስከ ዳር እንዲሰማው ታስቦ የተሠራ የመሣሪያ አልበም በብዛት አይገኝም። እዚህ ግን ኦርጋኑ የድምፃዊውን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ኃይሉ ዜማውን የሚያወጣው ዘፋኝ ትንፋሽ እየወሰደ በሚዘፍንበት አኳኋን ነው፤ ሐረጉን ይጀምራል፣ በመሐል ጥቂት ያርፋል፣ መጨረሻውን በቅላጼ ያዞረዋል፣ ከዚያም ነገሩን ለትንፋሽ መሣሪያዎቹ አሳልፎ ይሰጣል። ግጥሙን በቃሉ የሚያውቅ አድማጭ ቃላቱ ሳይዘፈኑ ይሰሙታል፤ የማያውቀውም ቢሆን የሚጎድልበት ነገር የለም።

ከአልበሙ ሥራዎች መካከል በዓለም ዙሪያ ስሙ የገነነው «ሙዚቃዊ ስልት» ነው፤ በአሜሪካ የሚገኙ ባንዶች ጭምር መልሰው ተጫውተውታል። ይህን ሥራ በጥሩ ሸክላ ማጫወቻ ላይ ደጋግሞ መስማት ይገባል የምለው፣ ጥንካሬው ያለው በዜማው ርዝመት ወይም በጌጡ ብዛት ሳይሆን ቤዝ ጊታሩና ድራሙ ተያይዘው በሚያቆሙት መሠረት ላይ ስለሆነ ነው። መላከ ገብሬ ያቺኑ አጭር ሐረግ ደግሞ ደጋግሞ ሲመታት አንዴም አይቸኩልም፤ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ አጠር ያለ ጥሪያቸውን አሰምተው ይመለሳሉ፤ ኦርጋኑ ደግሞ በሁለቱ መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል። በስልክ ጆሮ ማዳመጫ ወይም በታክሲ ውስጥ ስፒከር ሲሰማ የታችኛው ድምፅ ስለሚሳሳ፣ ሥራው አንድ ዜማ የሚደጋግም ሆኖ ሊታይ ይችላል። የቤዙ አካል ሙሉ ሆኖ ሲመጣ ግን ድግግሞሹ የተሠራበት ዓላማ ግልጽ ይሆናል፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚጨፍር ሰው የተሠራ ሙዚቃ ነውና።

ሌሊቱን ሙሉ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ዋሊያስ ባንድ ለዓመታት የአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ባንድ ሆኖ ሠርቷል፤ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበረ፣ ምሽቱን ለመዝናናት የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ ከዚያው ሊወጣ አይችልም ነበር፤ ባንዱም እስከ ማለዳ ይጫወት ነበር። በሌላ በኩል ዋሊያስ በጊዜው ከነበሩት ባንዶች ለየት የሚልበት አንድ ነገር አለ፤ የሚጫወትባቸውን መሣሪያዎች በራሱ ገንዘብ የገዛ ነጻ ባንድ ነበር። ብዙዎቹ ሙዚቀኞች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ወይም የክበብ ባለቤቶች ተቀጣሪዎች በነበሩበት ከተማ፣ መሣሪያ የራስ መሆኑ የትርኢቱን ቦታና የሙዚቃውን ዓይነት የመምረጥ ነጻነት ያስገኛል። ኃይሉ ራሱ ደብረ ብርሃን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ የመጣ፣ ሙዚቃን በጦር ሠራዊት ውስጥ የጀመረ ሰው ነው። የግጥም ሳንሱር በጠበቀበት ዘመን ቃል የሌለው ሙዚቃ በአልበም መልክ መውጣቱም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ይህ ሁሉ በሸክላው ላይ ተጽፎ ባይገኝም ከጨዋታው ይሰማል፤ ለብዙ ሌሊቶች አብረው የተጫወቱ ሰዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት መተዋወቅ በየመግቢያውና በየመውጫው አለ።

እንግዲህ አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ይህንኑ ሙዚቃ በስልክ፣ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ መስማት እየተቻለ ለሸክላ፣ ለማጫወቻና ለስፒከር ገንዘብ ማውጣት ለምን አስፈለገ? የሸክላ ወዳጆች ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ «ድምፁ ይበልጣል» የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ መልስ አልስማማም። በመለኪያ ከሄድን ሲዲ ከሸክላ ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል የሚይዘው ልዩነትም ሰፊ ነው። ሸክላ ላይ ድምፅ የሚቀረጸው በጠመዝማዛ ቦይ ግድግዳዎች ላይ ሲሆን፣ ከባዱ የቤዝ ድምፅ ቦዩን ከልክ በላይ እንዳያሰፋው ሲቀረጽ ይቀነሳል፤ ሲጫወት ደግሞ ማጉያው በዚያው መጠን ይመልሰዋል። መርፌው ወደ ሸክላው መሐል በተጠጋ ቁጥር በአንድ ዙር የሚሸፍነው ርቀት ስለሚያጥር፣ በየገጹ መጨረሻ ላይ ያሉ ሥራዎች፣ በተለይ ትራምፔትና ጸናጽል የበዛባቸው፣ ጥራታቸው በትንሹ ይቀንሳል። ባለ 33 ዙር (በደቂቃ 33 ጊዜ ያህል የሚዞር) ሸክላ በአንድ ገጽ በደህና የሚይዘው 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ሲረዝም ቦዩ ስለሚጠብ ድምፁ ይደክማል። እነዚህን ድካሞች ሁሉ እያወቅሁ ነው ሸክላ ግዙ የምለው።

የምለውም በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አደማመጡ ነው፤ ሸክላ አልበምን እንደ አንድ ሥራ እንድንሰማ ያደርጋል። መርፌውን ካስቀመጥን በኋላ ቁራጭ እየዘለልን መሄድ አያመችም፤ ስለዚህ በ«የሚያስለቅስ ፍቅር»፣ በ«ሎሚ ተራ ተራ»፣ በ«ብርቱካኔ» እና በ«እቲ ጓል ብሌናይ» መካከል ያለውን የስሜት ለውጥ ባንዱ ባሰበው ቅደም ተከተል እንከተላለን። ለዘፈን ይህ ላያስፈልግ ይችላል። ለመሣሪያ ሙዚቃ ግን ቅደም ተከተሉ ራሱ የንግግሩ አካል ነው፤ ቃል ስለሌለ አንዱ ሥራ ለሌላው መልስ የሚሰጠው በቅኝትና በምት ለውጥ ብቻ ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጥብኛል። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በእጅ የሚዳሰስ መዝገቡ ሸክላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ገደማ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹበት ጊዜ አንሥቶ፣ ሙዚቃችን የተቀመጠበት ዕቃ ይኸው ነው። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ወጣቶቹ ባንዶችና ድምፃውያን በየምሽት ክበቡ የሚያሰሙት አዲስ ሙዚቃ በሸክላ የሚወጣበት መንገድ ሳይኖረው ቆየ። በ1969 አምሐ እሸቴ ይህን ክልከላ ተዳፍሮ አምሐ ሪከርድስን አቋቋመ። አገር ውስጥ የሸክላ ፋብሪካ ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላዎች ሕንድ አገር ታትመው መጡ፤ በኋላም ሥራው ወደ ቤይሩት ተዛወረ። አምሐ በ1975 አገር ጥሎ እስኪሄድ ድረስ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን (በየገጹ አንድ ዘፈን ያህል የሚይዙ ትናንሽ ሸክላዎችን) እና አሥራ ሁለት ገደማ የሚሆኑ አልበሞች አሳትሟል። አሊ አብደላ ካይፋ ያቋቋመው ካይፋ ሪከርድስ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» በ1975፣ «ቼ በለው»ን ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ አወጣ።

ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ውስጥ በሁሉም አሳታሚዎች የወጡት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ሲደመሩ 500 ገደማ፣ አልበሞቹ ደግሞ 30 ያህል ናቸው። የአንድ አገር የሙዚቃ ወርቃማ ዘመን የሚባለው ሁሉ፣ በሥርዓት ቢደረደር፣ የአንድ መካከለኛ ቤት መደርደሪያ አይሞላም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ካሴት መጣና ሸክላ ቆመ። ካሴት ሙዚቃን ወደ ገጠር ከተሞች፣ ወደ አውቶቡስና ወደ ሱቅ ያዳረሰ ባለውለታ ነው፤ ይሁን እንጂ ክሩ ይላላል፣ ይበጠሳል፣ በላዩም ሌላ ነገር ይቀዳበታል። በወቅቱ የተሠሩ ብዙ ማስተር ክሮችም (ሙዚቃው መጀመሪያ የተቀረጸባቸው ዋና ክሮች) ጠፍተዋል። በዚህ ምክንያት የዛሬ ዳግም ኅትመቶች ብዙ ጊዜ የሚዘጋጁት ከተረፉ የሸክላ ቅጂዎች ነው፤ አንድ ሰው በጥንቃቄ በልባሱ (በካርቶን መያዣው) ውስጥ አቆይቶት የተገኘ ሸክላ የትውልድ ሥራ ያድናል። ሸክላ መሰብሰብን የሀብታም መዝናኛ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ዳግም ኅትመቱን በመጀመሪያው ሸክላ ምትክ የምመክረውም ለዚህ ነው። የ1977ቱ ቅጂ በጣም ብርቅ ስለሆነ፣ በዓለም አቀፍ የሰብሳቢዎች ገበያ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ይህን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው ቢገዛው አልቃወምም፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ሸክላዎቻችን አብዛኞቹ በቡና ቤት፣ በጁክቦክስና በየቤቱ ግራሞፎን ላይ በከባድ መርፌ ያለ ዕረፍት የተጫወቱ መሆናቸውን ማወቅ አለበት። ቦያቸው የተበላ ሸክላዎች በዓይን ሲታዩ የሚያብረቀርቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጉዳታቸው የሚታወቀው ሲጫወቱ ነው። ሻጭ «እንደ አዲስ» ብሎ ያቀረበውን አንድ ያረጀ ባለ 45 ዙር ሸክላ በፎቶው አምኜ ገዝቼ፣ ስሰማው የድምፃዊው ድምፅ ከሹክሹክታው ሥር ተቀብሮ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ከየገጹ መጀመሪያና መጨረሻ ጥቂት ሰከንድ ቀድቶ እንዲልክልኝ ሳልጠይቅ ያረጀ ሸክላ አልገዛም፤ ሐቀኛ ሻጭ ይህን ጥያቄ በበጎ ይቀበለዋል። በተጨማሪም ያረጁ ሸክላዎችን በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው፣ የዘፈኖቻችንና የድምፃውያኑ ስም በላቲን ፊደል በየአሳታሚው በተለያየ አጻጻፍ ስለተጻፈ አንዱን ስም በሦስትና በአራት መንገድ እየሞከረ ቢፈልግ ይሻለዋል፤ የካታሎግ ቁጥር (አሳታሚው ለሸክላው የሰጠው መለያ) ካለ በቁጥሩ መፈለግ ከሁሉም ይበልጣል።

ከገንዘቡ በላይ የሚያስጨንቀኝ የገንዘቡ መዳረሻ ነው። ያረጀ ሸክላ በሺህ ዶላር ሲሸጥ ከዚያ ውስጥ ለሙዚቀኛው አንዳች አይደርሰውም። ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር ለሥራ ወደ አሜሪካ ሄዶ ከሌሎች አባላት ጋር እዚያው ቀረ፤ ኑሮውን በዋሽንግተን አካባቢ አድርጎ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል። ተሳፋሪ እስኪመጣ በሚጠብቅበት ጊዜ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር በቃለ መጠይቆቹ ተናግሯል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሙዚቃው በሰብሳቢዎች እጅ ዋጋው እየናረ ሄዷል። አሳታሚው በ2013 በመጀመሪያ ኃይሉ በ1985 ብቻውን የሠራውን የአኮርዲዮንና የኪቦርድ ካሴት፣ ቀጥሎም «ቼ በለው»ን ዳግም ሲያሳትም ግን ሙዚቀኛው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ትርኢት ማሳየት ጀመረ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። የአሳታሚው መሥራች ብራያን ሺምኮቪትዝ ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ ተናግሯል። በገበያው ላይ ያለ ሙዚቀኞቹ ፈቃድ የሚታተሙ የኢትዮጵያ ሸክላዎችም ስላሉ፣ ገዢ በልባሱ ላይ የአሳታሚውን ስምና የመብት ማስታወሻውን ፈልጎ እንዲያነብ አደራ እላለሁ። የታሪክ ማብራሪያ የሌለው፣ የማን ፈቃድ እንደተጠየቀ የማይናገርና ዋጋው እጅግ የረከሰ ሸክላ ቢያንስ ሊያጠራጥረን ይገባል።

የዳግም ኅትመቱ ድምፅ ምን ይመስላል? በእኔ ማጫወቻ ላይ ቤዙ የጠበቀና ግልጽ፣ ኦርጋኑ ፊት ለፊት የቆመ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ትንሽ ሻካራ ሆነው ይሰማሉ። ሻካራነቱን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በነበረው መሣሪያ የተቀረጸ ሙዚቃ ሁሉ ይህ ጠባይ አለበት፤ ዘመናዊ ማጣሪያ ቢጫንበት ኖሮ የትራምፔቱ ጠርዝና የጸናጽሉ ብልጭታ አብረው ይጠፉ ነበር። የሙላቱን ቫይብራፎን መለየት ትንሽ ትኩረት ይጠይቃል፤ ከኦርጋኑ ኋላ ሆኖ በስሱ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ስፒከሮቹ በሚገባ ተራርቀው ካልተቀመጡ ከፒያኖው ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ አልበም ስፒከሮችን ከጆሮ ቁመት ጋር አስተካክሎ መስማት ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ማጫወቻን በተመለከተ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ስፒከር አብሮ የተገጠመላቸው ርካሽ ማጫወቻዎች መልካቸው ይስባል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ መርፌያቸው በሸክላው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከሚገባው በላይ ነው። ደህና ማጫወቻ 2 ግራም በሚያህል ጫና ሲሠራ እነዚህ 5 ግራምና ከዚያ በላይ ሊጫኑ ይችላሉ፤ የስፒከሩ ንዝረትም ወደ መርፌው ይመለሳል። ለዓመታት ሊቆይ የሚችል ሸክላ በዚህ ዓይነት ዕቃ ማጫወት ያሳዝናል። የመርፌው ጫና የሚስተካከልበት፣ መርፌው ሲያልቅ የሚለወጥበት ማጫወቻ መግዛት ይሻላል፤ አንድ መርፌ እንደ ዓይነቱ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያገለግላል። ከአሜሪካ ማጫወቻ ይዞ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ደግሞ ዕቃው ለ220 ቮልት የሚሆን መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ። ሸክላ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ ተደራርቦ አይተኛም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ አንባቢዎች ሸክላ ገዝተው በቆመ መኪና ውስጥ ለአንድ ሰዓት እንኳ ባይተዉት መልካም ነው፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ይጣመማል፤ አንዴ የተጣመመ ሸክላ ደግሞ በቀላሉ ተመልሶ አይቃናም።

የሸክላ ገበያ በዓለም ደረጃ ስለማደጉ ብዙ ተብሏል። በአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ ገቢ በ2020 የሲዲን በለጠ፤ በ2022 ደግሞ በተሸጡት ቅጂዎች ብዛትም ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠው፤ 41 ሚሊዮን ሸክላ በ33 ሚሊዮን ሲዲ አንጻር ማለት ነው። ለእኛ ከዚህ የሚጠቅመን ነገር ትንሽ ነው። ፋብሪካዎቹ በታላላቅ ድምፃውያን ትእዛዝ ሲጨናነቁ የትናንሽ አሳታሚዎች ወረፋ ይረዝማል፤ በ2020 መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያ፣ ሸክላ ከመባዛቱ በፊት ድምፁ መጀመሪያ የሚቀረጽበትን ዲስክ የሚያመርት ፋብሪካ በእሳት ሲወድም የደረሰውም ችግር ይበልጥ የተሰማው በእነዚሁ ትናንሾቹ ላይ ነበር። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዳግም ኅትመቶች በጥቂት ቁጥር ታትመው ሲያልቁ እስከሚቀጥለው ኅትመት ድረስ ረጅም ጊዜ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ የሚፈልጉትን ሸክላ ሲያገኙ ለሌላ ጊዜ ማለት አያዋጣም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ቅሬታውም በዚህ አልበም ላይ የተወሰነ አይደለም። ሙዚቃችንን ዳግም ወደ ዓለም ያወጡት አብዛኞቹ አሳታሚዎች የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ማብራሪያውም የሚዘጋጀው ለእነርሱ አድማጭ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፓሪስ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ ሥራ ታላቅ ባለውለታ ነው፤ ማብራሪያዎቹ ግን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ቋንቋውን የማያነብ የሙዚቃው ባለቤት የራሱን ታሪክ በልባሱ ላይ ማንበብ አይችልም። የዘፈኖቹን ስም በግእዝ ፊደል ማተምና የአንድ ገጽ አማርኛ ማብራሪያ መጨመር ከኅትመት ወጪው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነገር ነው፤ የወደፊት አሳታሚዎች ይህን እንዲያደርጉ ገዢዎች ብንጽፍላቸውና ብንጠይቃቸው ይሰማሉ ብዬ አስባለሁ።

ለማን ይሆናል ለሚለው፣ ዘፈን በግጥሙ ብቻ የሚወድ ሰው በዚህ አልበም ላይ ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል፤ ለእርሱ የማሕሙድ አሕመድ ወይም የዓለማየሁ እሸቴ ሥራዎች ይቀርቡታል። ድምፅ እየሰማ ሌላ ሥራ የሚሠራ ሰውም በስልኩ ቢሰማው ይበቃዋል። ባንድ አብሮ ሲጫወት መስማት የሚወድ፣ ኦርጋን፣ ቤዝና ትንፋሽ መሣሪያ እንዴት እንደሚነጋገሩ ለማወቅ የሚጓጓ፣ በተለይም ሙዚቃ የሚማር ወጣት ያለበት ቤት ግን ሳያመነታ ሊገዛው ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሸክላ በቀላሉ ስለማይገኝ ከዋሽንግተን ወይም ከአውሮፓ በሚመጣ ዘመድ ማስመጣት የተለመደው መንገድ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሸክላው በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ተደርጎ በእጅ ሻንጣ ቢመጣ እንጂ ከታች በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ከ«ቼ በለው» በኋላ ምን ይገዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ሁለት ሥራዎች እጠቁማለሁ። አንደኛው ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 ኒው ዮርክ ላይ ያሳተመውና ስትራት የተባለው አሳታሚ በ2017 ዳግም ያወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነው፤ በ«ቼ በለው» ላይ በስሱ የሚሰማው ቫይብራፎን እዚያ በሙሉ አካሉ ይገኛል። ሁለተኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች ናቸው፤ በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ብቻቸውን በፒያኖ የተጫወቷቸው እነዚህ ሥራዎች ጸጥታ የሚበዛባቸው ስለሆኑ የሸክላው ጥቂት አቧራ እንኳ ይሰማባቸዋል፤ እነዚህን ሸክላዎች ከመግዛት በፊት የማጽጃ ብሩሽ መግዛት ይቀድማል።